ቪፒኤኑ ተገናኝቷል፣ ካሜራው ግን አይከፍትም

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂዋ ቤቷ አራት ኪሎ ነው፣ ሥራዋ ሜክሲኮ አካባቢ። ቤት ውስጥ ዲቪአር (ቅጂውን የሚይዘው ሳጥን) ያለው ካሜራ፣ ፋይል የምታስቀምጥበት ዊንዶውስ ዴስክቶፕና አንድ ፕሪንተር አላት። ከውጭ ሆና እነዚህን ለመክፈት ራስበሪ ፓይ የምትባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ገዝታ ዋየርጋርድ የሚባለውን የቪፒኤን ፕሮግራም ጭናበታለች፣ ከኢንተርኔት የሚመጣው እንዲገባም ራውተሩ ላይ ፖርት ከፍታለታለች። በሞባይል ዳታ ስትሞክር ስልኳ ተገናኝቷል ይላታል፣ ፓይዋም በ10.8.0.1 ትመልሳለች። ዲቪአሩ ግን፣ አድራሻው 192.168.1.64 ነው፣ ጸጥ ይላል። ዴስክቶፑም ፕሪንተሩም እንደዚያው። ቢሮ ዋይፋይ ላይ ሆና ያንኑ 192.168.1.64 ስትከፍት ደግሞ የማታውቀው ዕቃ የይለፍ ቃል ጠይቋታል። «ተጠለፍኩ እንዴ?» ትላለች።

አልተጠለፍሽም፣ ተረጋጊ። ያ ገጽ የቢሮሽ ፕሪንተር ወይም ሌላ የቢሮ ዕቃ ነው፤ ቆይቼ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ጥሩውን ልንገርሽ። ከባዱን ጨርሰሻል። ከውጭ ሆነሽ ፓይዋ ከመለሰችልሽ ፖርቱ ተከፍቷል፣ ቁልፎቹ ተግባብተዋል፣ ከኢንተርኔት አቅራቢሽ በኩልም የተዘጋ ነገር የለም። ብዙ ሰው እዚህ ሳይደርስ ነው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው። የቀረሽ ከፓይዋ እስከ ሌሎቹ ዕቃዎች ያለው አጭር መንገድ ነው። እና ደግሞ መልሱ የሚመለስበት መንገድ።

ይሄን የመጨረሻውን አስምሪበት። ሰው ቪፒኤን ሲያስቸግረው የሚያስበው ስለ መግባት ብቻ ነው። ገባሁ ወይ? ተከፈተ ወይ? ኔትወርክ ግን ደርሶ መልስ ነው። ስልክሽ የላከው ጥያቄ ዲቪአሩ ጋ በሰላም ደርሶ፣ ዲቪአሩም መልስ አዘጋጅቶ፣ በየት በኩል እንደሚልከው ግን ሳያውቅ እዚያው ሊጥለው ይችላል። አንቺ የምታዪው ያው ባዶ ገጽ ነው። አለመድረሱንና አለመመለሱን ከስክሪን ላይ መለየት አይቻልም።

ከስልኩ እንጀምር። የዋየርጋርድ አፑን ክፈቺና የግንኙነቱን ዝርዝር እዪ። «አሎውድ አይፒስ» የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ 10.8.0.0/24 ብቻ ከተጻፈ፣ ለስልኩ የነገርሽው በቪፒኤን የሚሄደው በ10.8.0 የሚጀምር አድራሻ ብቻ ነው ብለሽ ነው። 192.168.1.64 ስትዪው ወደ ቤት አይወስደውም፣ በቆመበት ኔትወርክ ላይ ይፈልገዋል። ያልሽው ሁሉ ወደዚህ ነው የሚጠቁመኝ፤ ፓይዋ ትመልሳለች፣ ሌላው ዝም፣ ቢሮ ላይ ደግሞ የቢሮ ዕቃ ይመጣል። ከእሱ ቀጥለሽ 192.168.1.0/24 ጨምሪበት።

አንዳንዱ ሰው 0.0.0.0/0 አድርጊውና ተገላገይ ይልሻል። ይሠራል። ግን የስልክሽ ኢንተርኔት በሙሉ፣ ቲክቶኩም ቴሌግራሙም፣ አራት ኪሎ ደርሶ እንዲመለስ ታደርጊያለሽ። የቤት ኢንተርኔት የመላኪያ ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ ከመቀበያው ያነሰ ነው፣ ስልክሽ የሚያገኘው ደግሞ ያንን አነስተኛውን ነው። ካፌ ዋይፋይ ላይ ተቀምጠሽ ሰው እንዳያይብሽ ካልፈለግሽ በቀር ተዪው።

አሁን ወደ ፓይዋ። ፓይዋ የምትሠራበት ሊኑክስ የሌላ ዕቃ ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) ተቀብሎ ወደ ሌላ እንዲያሳልፍ ካላዘዝሽው አያሳልፍም። «አይፒ ፎርዋርዲንግ» የሚባለው ቅንብር 1 መሆን አለበት። ደግሞ በቋሚነት ፋይል ላይ የተጻፈ ይሁን፣ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ብቻ ካበራሽው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወደ 0 ይመለሳል። ዛሬ የሠራ ነገር ነገ «ዝም ብሎ» የቆመበት ሰው ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ቀጥሎ ማስከሬድ። ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ነው። ስልክሽ በቪፒኤን ውስጥ ያለው አድራሻ 10.8.0.2 ነው እንበል። ዲቪአሩ ከ10.8.0.2 ጥያቄ ሲመጣለት «ይሄ የእኔ ሰፈር አይደለም» ብሎ መልሱን ለጌትዌዩ፣ ማለትም ለራውተሩ ይሰጠዋል። ራውተሩ ስለ 10.8.0 የሰማው ነገር የለም። መልሱ እዚያ ይቀራል። ማስከሬድ ሲበራ ግን ፓይዋ የላኪውን አድራሻ በራሷ አድራሻ ትቀይረዋለች፣ 192.168.1.10 እንበል፣ ዲቪአሩም ጎረቤቱ የጠየቀው ይመስለዋል። ለጎረቤት መመለስ ደግሞ ራውተርም ጌትዌይም አይፈልግም። ፓይዋ መልሱን ተቀብላ ለስልክሽ ታስተላልፋለች።

አንድ የሚያናድድ ወጥመድ አለ። ፓይዋ ላይ የሚጻፈው የማስከሬድ መመሪያ ፓኬቱ የሚወጣበትን የኔትወርክ በር በስም ይጠራል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙ የማስተማሪያ ጽሑፎች አብዛኞቹ ኢቲኤች0 (eth0) ብለው ነው የሚጽፉት፣ እሱ የኬብሉ በር ነው። ፓይሽ በዋይፋይ ከሆነ የተገናኘችው በሩ ደብሊውላን0 (wlan0) ነው፣ ስለዚህ መመሪያው ተጽፎ፣ ስህተትም ሳያሳይ፣ ምንም ሳይሠራ ይቀመጣል። እሱን እዪልኝ። ከተቻለም ኬብል ሰክተሽ ብትገላገዪ ይሻላል። ጌስት ዋይፋይ ላይ አስገብተሻት ከሆነ ደግሞ አውጫት፤ ጌስት የሚባለው የተሠራው ከሌሎች ዕቃዎች ጋር እንዳይተያይ ነው።

ማስከሬድ የማይወድ ባለሙያ አለ፣ ራውተሩ ላይ ስታቲክ ሩት ጻፊ ይልሻል፤ ማለትም «ወደ 10.8.0.0/24 የሚሄድ በ192.168.1.10 በኩል ይሂድ» ብሎ ለራውተሩ መንገር። እውነቱን ነው፣ ንጹሑ መንገድ እሱ ነው፣ ዲቪአሩም ማን እንደገባ በትክክል ይመዘግባል። ግን ከመስመሩ ጋር የሚሰጡ ራውተሮች ብዙዎቹ ያንን ገጽ ለተጠቃሚ አይከፍቱም። ለቤት ማስከሬድ ይበቃል።

ሌላም ጥቅም አለው። ካሜራ የሚገጥሙ ልጆች ዲቪአሩ ላይ አይፒውን በእጅ ይጽፉና ጌትዌዩን ባዶ ይተዉታል፣ ወይ የሌላ ደንበኛ ቤት ቁጥር ሞልተው ይሄዳሉ። ቤት ውስጥ ሆነሽ ስታዪው ይሠራል፣ ስለዚህ ማንም አያስተውልም። ጌትዌይ የሌለው ዕቃ ከሰፈሩ ውጭ ለሚጠይቀው ሰው ፈጽሞ አይመልስም። በማስከሬድ ግን የሚጠይቀው ጎረቤት ስለሆነ እሱም ይከፈታል። ቢሆንም ዲቪአሩ ላይ ገብተሽ ጌትዌዩን 192.168.1.1 አድርጊው፣ ወይም የራውተርሽ አድራሻ የሆነውን። የካሜራው ሰዓትም ከኢንተርኔት የሚስተካከለው በዚያ ነው፣ የተሳሳተ ሰዓት ያለው ቅጂ ደግሞ አንድ ቀን ሲያስፈልግሽ ያበሳጫል።

መገመቱን ትተን በየበሩ የሚያልፈውን ፓኬት የምናይበት መሣሪያ አለ፣ ቲሲፒዳምፕ ይባላል። ፓይዋ ላይ ጫኚው። ቤት ሆነሽ ከዴስክቶፑ ወደ ፓይዋ የሚገቡ ሁለት ተርሚናል ክፈቺ፣ አንዱ የቪፒኤኑን በር ያዳምጥ፣ ዳብሊውጂ0 (wg0) የሚለውን፣ ሌላው ወደ ቤት ኔትወርክ የሚወጣውን በር። ሁለቱም 192.168.1.64ን የሚነካውን ብቻ እንዲያሳዩ አድርጊ። ከዚያ የስልክሽን ዋይፋይ አጥፊና በዳታ ዲቪአሩን ክፈቺ። ዳብሊውጂ0 ላይ ምንም ካልታየ ጥፋቱ ስልኩ ላይ ነው፣ ወደ አሎውድ አይፒስ ተመለሺ። እዚያ ታይቶ በሌላኛው በር ካልወጣ ፎርዋርዲንጉ ወይም የፓይዋ ፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚከለክለው) ነው። ወጥቶ መልስ ካልመጣ የላኪውን አድራሻ እዪ፦ 10.8.0.2 ከሆነ ማስከሬዱ አልሠራም። 192.168.1.10 ከሆነ ግን ፓይዋ የድርሻዋን ተወጥታለች፣ ችግሩ ዲቪአሩ ነው፤ ወይ ጠፍቷል፣ ወይ አይፒው ተቀይሯል፣ ወይ የምትጠይቂው ፖርት ልክ አይደለም። ዲቪአርሽ ሂክቪዥን የሚባለው ዓይነት ከሆነ አፑ በተለምዶ በ8000 ነው የሚገባው፣ ዳሁዋ የሚባለው ከሆነ በ37777፣ በብሮውዘር ከሆነ 80። ይሄ ፍተሻ የአንድ ቀን ግምት በደቂቃ ይጨርሳል፣ እኔ ደንበኛ ጋ ስሄድ የምጀምረው ከሱ ነው።

ገጹ መከፈት ጀምሮ ግማሽ ላይ ከቆመ ነገሩ ሌላ ነው። ትንንሹ ፓኬት እያለፈ ትልልቁ መንገድ ላይ እየወደቀ ነው ማለት ነው። የዋየርጋርድ ኤምቲዩ፣ ማለትም የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን፣ ብዙ ጊዜ 1420 ነው፤ ስልኩ ላይ 1280 አድርጊውና ሞክሪ።

ዴስክቶፑ የራሱ ጠባይ አለው። የዊንዶውስ ፋየርዎል ፋይል ማጋራትን በተለምዶ የሚፈቅደው ከዚያው ሰፈር ለሚመጣ ብቻ ነው። ማስከሬዱ ከሠራ ያ ይፈታል። ካልተከፈተ ግን ዊንዶውስ የቤትሽን ኔትወርክ «ፐብሊክ» ብሎ መዝግቦት እንደሆነ አረጋግጪ፣ «ፕራይቬት» መሆን አለበት። ሌላው ደግሞ በስም አትጥሪው። ቤት ውስጥ የኮምፒውተሩን ስም ስትጽፊ የሚገኘው ዕቃዎቹ እርስ በርስ ስለሚጣሩ ነው፣ ያ ጥሪ በቪፒኤን በኩል አያልፍም። አይፒውን ጻፊ። አይፒው እንዳይቀያየርብሽ ራውተሩ ላይ ለዴስክቶፑም ለዲቪአሩም ለፓይዋም ቋሚ ቁጥር አስይዢላቸው። የተኛ ኮምፒውተር ከሩቅ የሚቀሰቅሰው ጥሪም እንደዚሁ በቪፒኤን በኩል አያልፍም፤ ፓይዋ ውስጥ ገብተሽ ከሷ ላይ ላኪው።

ፕሪንተሩም ስልኩ ላይ በራሱ አይታይም፣ ምክንያቱ ያው ነው። አንድሮይድ ላይ በአይፒ መጨመር ይቻላል። ለነገሩ ሜክሲኮ ቁጭ ብለሽ አራት ኪሎ ምን ልታትሚ እንደሆነ አልገባኝም፣ እናትሽ ወረቀት ሲሰበስቡ ሊውሉ ካልሆነ።

አሁን ወደ ቢሮው እንግዳ ገጽ። 192.168.1 የሚባለው አድራሻ የማንም የግል አይደለም፣ ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ እንዲጠቀምበት የተተወ ነው፣ ብዙ ራውተርም ከፋብሪካ ሲወጣ በሱ ተሞልቶ ነው። «ወረዳ 03» ብትዪኝ የአራዳው ነው የቂርቆሱ ነው የልደታው ብዬ እንደምጠይቅሽ ነው፤ ክፍለ ከተማው ካልተጠቀሰ ቁጥሩ ብቻውን የትም አያደርስም። ቤትሽም ቢሮሽም 192.168.1 ከሆኑ፣ አሎውድ አይፒሱን ብታስተካክዪም ስልክሽ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት፣ የትኛውን እንደሚመርጥ ደግሞ ከስልክ ስልክ ይለያያል። የቢሮውን መቀየር አትችዪም። የቤትሽን ግን ትችያለሽ። ራውተሩ ላይ ገብተሽ ሰው የማይመርጠው ቁጥር ስጪው፣ ለምሳሌ 192.168.73። ከዚያ በእጅ አይፒ የተጻፈባቸውን ዕቃዎች፣ በተለይ ዲቪአሩን፣ አብረሽ ቀይሪ። ራውተሩ ላይ የከፈትሽው ፖርት ወደ ፓይዋ አዲስ አድራሻ ይዙር፣ የስልኩ አሎውድ አይፒስም እንደዚያው። ትንሽ ያለፋል፣ ግን አንዴ ነው። ይሄን ሳታደርጊ ቢሮ ዋይፋይ ላይ አስተማማኝ ነገር አትጠብቂ፣ ወይ ዳታ ተጠቀሚ።

ሌላ ቪፒኤን ስልክሽ ላይ አለ? በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራምና ፌስቡክ በተዘጉበት ጊዜ ስንቱ ሰው ያገኘውን ነጻ ቪፒኤን ጭኖ እስካሁን ሳያጠፋው አለ። እነሱና ያንቺ ዋየርጋርድ ሥራቸው ለየቅል ነው። እነሱ ከአገር ያወጡሻል፣ ያንቺው ቤትሽ ያስገባሻል። አንድሮይድም አይፎንም ደግሞ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ነው የሚያሠራው፤ አንዱ ሲበራ ሌላው ይጠፋል። ነጻውን አጥፊው። ነጻ ቪፒኤን የሚያቀርብ ሰው ወጪውን ከየት እንደሚሸፍን ራስሽ አስቢው።

ይሄን የምታነቡ ሌሎቻችሁ ግን ከሷ በፊት ያለው ደረጃ ላይ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ዋየርጋርድ በርቷል ማለቱ ብቻ ምንም ማረጋገጫ አይደለም፣ ቁልፏ ምልክት ሰርቨሩ ባይኖርም ትታያለች። መታየት ያለበት «ላስት ሃንድሼክ» የሚለው ነው፣ ስልኩና ሰርቨሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተግባቡበት ሰዓት። እሱ ከሌለ፣ የተላከው እየጨመረ የተቀበለው 0 ከሆነ፣ ቤታችሁ አልደረሳችሁም። መጀመሪያ ራውተራችሁ ከኢንተርኔት በኩል የያዘውን አድራሻ እዩ። በ10 ወይም በ192.168 ከጀመረ፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው መሃል ከሆነ፣ አድራሻው የናንተ ብቻ አይደለም፤ ፖርት ብትከፍቱም ከውጭ የሚገባ የለም። ከአከራይ ዋይፋይ የሚጋራ ሰው፣ በሲም ካርድ ራውተር የሚጠቀም ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ ነው። ለናንተ የምመክረው ቴልስኬል የሚባለውን አገልግሎት ነው። ውስጡ ያው ዋየርጋርድ ነው፣ ግን ሁለቱም ወገን ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚወጡ ፖርት መክፈት የለም፣ ለግል አገልግሎትም ነጻ ነው። ውጭ አገር ሰርቨር መከራየትም ይቻላል፣ በዶላር ክፍያው ላይ ግን እኛ አገር መንገዱ አይመችም። ቴልስኬል ላይ ሁለት ነገር አትርሱ። ፓይዋን «ሰብኔት ራውተር» አድርጋችሁ የቤታችሁን 192.168 ካስተዋወቃችሁ በኋላ ድረ ገጹ ላይ ገብታችሁ ማጽደቅ አለባችሁ፣ ካልጸደቀ ፓይዋ ብቻ ነው የምትታየው። የፓይዋ ቁልፍ ደግሞ በተለምዶ በ180 ቀን ጊዜው ያልፋል፤ ለሷ ብቻ ያንን የጊዜ ገደብ አጥፉት፣ አለበለዚያ ክፍለ አገር በሄዳችሁበት ቀን ይቆማል።

«ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን፣ የዲቪአሩን ፖርት ብቻ ብንከፍተውስ?» የሚል አይጠፋም። ገጣሚዎቹም ይሄንኑ ያደርጋሉ፣ ፈጣን ስለሆነ። አታድርጉት። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ቫይረስ የያዛቸው ዕቃዎች ብዙዎቹ እንደዚህ ክፍት የነበሩ ካሜራዎችና ዲቪአሮች ናቸው፣ ከፋብሪካ የመጣ የይለፍ ቃላቸው እንኳ ያልተቀየረ። ዋየርጋርድ ትክክለኛ ቁልፍ ለሌለው ሰው መልስ አይሰጥም፣ ከውጭ ለሚፈትሽ ሰው ያለ አይመስልም። የአምራቹን የክላውድ አፕ መጠቀም ይሻላል ለሚል ግን አልከራከርም። ካሜራ ብቻ ከሆነ የሚፈልገው፣ ቪዲዮው በሌላ ሰው ሰርቨር በኩል ማለፉም ካላስጨነቀው፣ እሱ ቀላሉ ነው። አንቺ ግን ፋይሉንም ትፈልጊያለሽ።

አንዴ ሲከፈትልሽ ዳታሽን ጠብቂ። የካሜራው ዋና ምስል በሰከንድ 4 ሜጋቢት ላይ ከተሞላ አንድ ካሜራ ብቻ በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ይበላል። አራቱን ባንዴ ከፍተሽ ምሳ ብትበዪ ፓኬጅሽ አለቀ። ሰብስትሪሙ፣ ማለትም ጥራቱ ዝቅ ያለው ሁለተኛ ምስል፣ በሰከንድ 512 ኪሎቢት ከሆነ ግን በሰዓት 230 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ በስልክ ስክሪን ልዩነቱ ብዙም አይታይም። አፑን በሱ እንዲከፍት አስተካክዪው።

መብራት ላይ ደግሞ አስቢ። ፓይዋ መብራት ሲመጣ ራሷ ትነሳለች፣ ዴስክቶፑ ግን ባዮስ (የኮምፒውተሩ የማስነሻ ቅንብር) ውስጥ ገብተሽ ካላዘዝሽው ተኝቶ ይቀራል። ራውተሩ ሲነሳ ከውጭ ያለው አይፒሽ ሊቀየር ይችላል፣ ስለዚህ ስልኩ ላይ ቁጥሩን ሳይሆን የዲዲኤንኤስ ስም ጻፊ፣ አይፒው ሲቀየር አብሮ የሚስተካከል ስም ነው። ለራውተሩና ለፓይዋ ትንሽ ዩፒኤስ ብትገዢ ጥሩ ነው፤ ድንገት መጥፋት የፓይን ሚሞሪ ካርድ ያበላሻል። የሁሉንም ቅንብር ኮፒ ሌላ ቦታ አስቀምጪ።

ለስልክሽና ለላፕቶፕሽ አንድ ቁልፍ አትጠቀሚ፣ ለየብቻ ይኑራቸው። ስልክሽ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቢወሰድብሽ ፓይዋ ላይ ገብተሽ የሱን ፒር፣ ማለትም የስልኩን ምዝገባ፣ ብቻ ትሰርዣለሽ፣ ሌላው ይቀጥላል።

አሎውድ አይፒሱን ቀይረሽ ካልተከፈተ፣ የቲሲፒዳምፑን የሁለቱንም በር ውጤት ላኪልኝ። ቁልፎቹን ግን አብረሽ እንዳትልኪ፣ የኔንም ዓይን አትመኚ።